ጥላ የነፈገ ሕንጻ

ስለ ሥነ ሕንጻ መናገር የአርክቴክቶች ብቻ ርስት አይደለም። ግጥም ያልጣመው ሰው መጽሐፉን ይዘጋል፤ ዘፈን የሰለቸው ሬዲዮውን ያጠፋል። ሕንጻን ግን ማን ያጠፋዋል? የተሠራው በባለቤቱ ገንዘብ ቢሆንም የሚያየው፣ በሥሩ የሚያልፈውና የሚጠጋው መንገደኛ ነው። ስለዚህ መንገደኛ ስለ ሕንጻ ጣዕም አስተያየት ቢሰጥ ድፍረት ሊባል አይገባም ባይ ነኝ። እኔም የባንክ ሠራተኛ እንጂ የሙያው ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ ቀኔን ሙሉ የምውለው ሌላ ሰው በነደፈው ሕንጻ ውስጥ ነውና፣ ይህን ያህል የመናገር መብት አለኝ።

ውድ አንባቢ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ኦሎምፒያ ላይ ቆም ብለህ ዙሪያህን ቃኝ። ሰማያዊ መስተዋት፣ አረንጓዴ መስተዋት፤ መስተዋቱ ባለቀበት ደግሞ የአሉሚኒየም ልባጥ። አንዱ ሕንጻ የሌላውን መልክ ያሳያል፤ የራሱን መልክ ግን ፈልገህ አታገኝለትም። እኔ የምሠራበት ሕንጻ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ መጋረጃው ይወርዳል፤ መጋረጃው ሲወርድ ይጨልማል፤ ሲጨልም መብራት ይበራል። ብርሃን ይግባ ተብሎ በመስተዋት የተሸፈነ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ በኤሌክትሪክ መብራት ይሠራል። ውጭ ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛው ከግድግዳው የሚመለሰውን ነጸብራቅ ሽሽት ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አድርጎ ይቆማል። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ እናት ነጠላቸውን ከአናታቸው ላይ ያጥፋሉ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በአዲስ አበባ መሆኑ ያስገርመኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ ተቀምጣለች። ሙቀቷ በአብዛኛው ቀን ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ የሚያቃጥለው አየሩ ሳይሆን ፀሐዩ ነው። ከፀሐዩ ገለል ብሎ ጥላ ውስጥ ለገባ ሰው ነፋሻው አየር ያለ ማሽን ይበቃዋል። አቀማመጣችንም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፀሐይ የምትሄደው ከአናታችን ብዙም ሳትርቅ ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከራሳችን በላይ ትቆማለች። በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ለሚመለከት መስኮት አንድ ክንድ ተኩል ያህል ወጣ ያለ ክፈፍ ይበቃዋል ማለት ነው። አስቸጋሪዎቹ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትመታቸው የምሥራቅና የምዕራብ ፊቶች ናቸው፤ እኛም መስተዋቱን የምናበዛው ያለ ልዩነት በአራቱም ፊት ነው።

ረጅም ሕንጻ ጥላው ረጅም አይደለምን የሚለኝ አይጠፋም። ነው፤ ነገር ግን ያ ጥላ ጠዋትና ማታ መንገድ ተሻግሮ ሌላው ሰው ግቢ ላይ ይወድቃል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ተሰብስቦ ከእግሩ ሥር ይገባል። እኔ የምለው ጥላ ታስቦበት ለሰው የተተወውን ጥላ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችንን ተመልከት። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው አልፎ ይዘረጋል። ወደ ውስጥ ያልገባው ምእመን፣ ከሩቅ የመጣው መንገደኛ፣ ምጽዋት ጠባቂው ሳይቀር ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠለለው በዚያ ሥር ነው። ጣሪያው ከውስጥ ላሉት ብቻ አልተሠራም። የቀድሞዋ አዲስ አበባም እንደዚሁ ነበረች፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የጣይቱ ሆቴል በረንዳ ለዚህ ምስክር ነው። በረንዳ ማለት ቤቱ ለደጁ የሚሰጠው ሰላምታ ነው። ደጅ መጥናት የሚል ቃል ያለው ሕዝብ፣ ደጅ ላይ ለሚቆም ሰው ምንም ያላሰበ ሕንጻ መሥራቱ ለእኔ እንቆቅልሽ ነው።

ዘመናዊነትን የምጠላ እንዳይመስልህ። የፈረንሳዩ አርክቴክት አንሪ ሾሜት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የነደፈው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንጻ ዘመናዊ ነው፤ ክብነቱ ግን የአገሬን ቤት ያስታውሰኛል። አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈውና በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም ዘመናዊ ነው፤ በውስጡም መስተዋት አለ። ያ መስተዋት ግን የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሥዕል ነው። ብርሃኑ የሚገባው ትርጉም ይዞ ነው። ከኦሎምፒያ በእግር ብዙም ሳይርቅ፣ መስቀል አደባባይ ዳር፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። የነደፈው አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ነው። ይህ ሰው ከዴኒ ዤራር ጋር የአዲስ አበባን የ1886–1941 እ.ኤ.አ. የሕንጻ ቅርስ በመጽሐፍ ያስቀመጠ ነው፤ ማለትም አዲስ ከመሥራት ጎን ለጎን አሮጌውን ያጠና። ሕንጻውም በቁመት ከማንም አይፎካከርም፤ ለያዘው ሐዘን የሚገባውን ዝምታ ጠብቆ ተቀምጧል።

ነገሩ የዜግነት ጉዳይም አይደለም። የኔዘርላንድ ኤምባሲን ሁለት ሆላንዳውያን አርክቴክቶች ከኢትዮጵያዊቷ ራሔል ሻውል ጋር ሆነው ሠሩት፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የአጋ ካን የሥነ ሕንጻ ሽልማት አገኘ። ግድግዳው የአፈራችንን ቀይ ቀለም ይዞ፣ በባሕር ዛፎች መካከል ረዘም ብሎ ተኝቷል። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለው ከአጥር ውስጥ ነው። መንገደኛው አያየውም፤ ስለዚህም ከእርሱ የሚማር ባለ ገንዘብ ጥቂት ነው።

የጎደለን ታዲያ ምንድን ነው? ዕውቀት አይደለም። ልደታ ያለው የሕንጻ ትምህርት ቤት ኢትዮ ስዊድን ተብሎ ከተቋቋመበት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለሙያ አፍርቷል። አንድ አርክቴክት ወዳጄ፣ ይህንኑ ብጠይቀው በአራት ቃል መለሰልኝ፦ «ወንድሜ፣ ጥላ እኮ አይከራይም»። ባለቤቱ በውድ ዋጋ የያዘውን መሬት እስከ መጨረሻዋ ካሬ ሜትር ያሰላል። በረንዳና ክፈፍ ያለ ጥቅም የባከነ ቦታ ይመስለዋል። በዚያ ላይ የሌላ አገር ሕንጻ ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣል፤ ንድፍ አውጪውም እንጀራ ፈላጊ ነውና እሺ ይላል። ሚዛናዊ እንሁን፤ መስተዋት ቶሎ ይገጠማል፣ ከሩቅ ያምራል፣ ለተከራይም የሀብት ምልክት ነው። የሒሳብ ሰው እንደመሆኔ ግን እጠይቃለሁ፤ የመጋረጃው፣ የመብራቱ፣ የማቀዝቀዣው፣ በገመድ ተንጠልጥሎ መስተዋት የሚያጥበው ሠራተኛ ክፍያ በየትኛው መዝገብ ተይዟል?

መፍትሔው አዲስ አይደለም። የጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ በ1288 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ከፊቱ ለመንገደኛ የሚሆን ባለ ዓምድ መጠለያ እንዲሠራ አዘዘች። ዛሬ የከተማዋ መጠለያዎች ሲቀጣጠሉ 62 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በከተማችን ብዙ የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ ዛፍ ተተክሏል፤ የሕንጻዎች ፊት ቀለም ተቀብቷል፤ የሌሊት መብራት ደምቋል። ለእግረኛ ቦታ መሰጠቱ ያስመሰግናል። ቀለምና መብራት ግን ልብስ ናቸው። ቀጣዩ እርምጃ ወደ አካሉ መግባት ይመስለኛል፤ ምድር ቤቱን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ለመንገደኛ ጥላ ለሚተው ባለ ሕንጻ፣ የተወው ቦታ በአናቱ ላይ ተጨማሪ ወለል ሆኖ ይካካስለት። ያኔ ጥላም ይከራያል ማለት ነው።

ይህን እያሰብኩ የጻፍኳት ሁለት መስመር አለች፦

ከፍ ከፍ ያለ ሕንጻ፣ ሰማዩን ነካ አሉ፤
ከሥሩ የቆሙት፣ ጥላ ይለምናሉ።

አዲስ ቤት ሲገባ «ቤት ለእምቦሳ!» የምንል ሕዝብ ነን፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ የሚመላለሰው ቤቱ ከባለቤቱ አልፎ ለሌላው እንደሚተርፍ ስለሚታሰብ ነው። እንግዲህ ለእኔ የጥሩ ንድፍ መለኪያው ይኸው ነው። የሕንጻውን ቁመት፣ የመስተዋቱን ዓይነት አልጠይቅም። በሩ ላይ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀው ሰው፣ ሳይገባበትም ቢሆን ቀና ብሎ ሊመርቀው ይችላል ወይ?