አራት ዋንጫ፣ ሁለት የሕመም ፈቃድ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጌም ነው። «ዶክተሩን ደግሞ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ፤ ጉዳዩ የእንቅልፍና የጭንቀት ጉዳይ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አስትራሊስ የሚባል የዴንማርክ የኢ-ስፖርት ቡድን አለ፤ የተመሠረተው በ2016 ነው። ስሙን ያስጠራው ካውንተር ስትራይክ የተባለው የተኩስ ጌም ሲሆን አምስት ተጫዋች ከአምስት ይገጥማሉ። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ግን ትልቅ ውድድር ላይ ወሳኙ ሰዓት ሲደርስ ይርበተበቱ ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? ሚያ ስቴልበርግ የምትባል ፊንላንዳዊት የስፖርት ሳይኮሎጂስት አመጡ። ጥር 2017 አትላንታ ላይ፣ በፍጻሜው የመጨረሻ ዙር 16 ለ 14 አሸንፈው የመጀመሪያውን «ሜጀር» ወሰዱ። ሜጀር ማለት በዚህ ጌም ትልቁ ዋንጫ ነው።

ከዚያ በኋላ ለእንቅልፍ፣ ለምግብና ለአካል እንቅስቃሴ እንደ ልምምድ ቦታ ሰጡ። የዴንማርክ ብሔራዊ የእጅ ኳስ ቡድን በረኛ የነበረው ካስፐር ሂቪትም የስፖርት ዳይሬክተር ሆነ። ውጤቱ? ለንደን 2018፣ ካቶቪትሰ 2019፣ በርሊን 2019። ሦስት ሜጀር በተከታታይ! ከነሱ በፊት ይህን ያደረገ ቡድን አልነበረም።

በ2019 ደግሞ ጉዞ ለመቀነስ ብለው የተወሰኑ ውድድሮችን ዘለሉ። ደጋፊው ተቆጣ፣ «ፈሩ» የሚልም አልጠፋም። እኔ ግን ከሳይኮሎጂስቷም ከምግቡም በላይ ትልቁ መድኃኒታቸው ይሄ ነበር ባይ ነኝ። ወንበር ላይ ስለተቀመጡ አይደክሙም ያለው ማነው? ጨዋታው ሲጦፍ ልብ ይመታል፣ አድሬናሊን ይፈስሳል፤ ሌሊት ተጫውቶ የጨረሰ ሰው አልጋ ላይ ወጥቶ ጣራ ጣራ ነው የሚያየው። በዚህ ላይ በየሳምንቱ የሰዓት ቀጠና መቀያየር አለ።

ከዚያ 2020 ኮሮና መጣ። ጉዞው ቆመ፣ ግጥሚያው ግን በኦንላይን ቀጠለ። ግንቦት ላይ የቡድኑ መሪ ሉካስ ሮሳንደር በስትረስና በመዛል የሕመም ፈቃድ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ አንድሪያስ ሆይስሌት ተከተለው። ልብ በሉ፣ ጤናን እንደነሱ በቁም ነገር የያዘ ቡድን በዘርፉ ብዙ አልነበረም! ለእኔ ይሄ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ራሱ ካልተቀነሰ ባለሙያ መደርደር ብቻውን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅትም «በርንአውት»ን የሚገልጸው በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ብሎ እንጂ የሰውየው ስንፍና ብሎ አይደለም።

«ፕሮ ተጫዋች እሆናለሁ» የሚል ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት የነዚህን ልጆች ታሪክ አውሩት። በተረፈ ለሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ ከሰው ከራቀ፣ የሚወደው ጨዋታ ራሱ ካስጠላው፣ «ያልፍለታል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ባለሙያ ይየው።

ሮሳንደርና ሆይስሌት ወራት አርፈው በዚያው ዓመት ወደ ቡድናቸው ተመለሱ። ቦታቸው ጠበቃቸው።