ነጋዴ ብዕር ሲያነሣ

ከጥንት ዠምሮ ነጋዴ ዕቃውን የሚያስተዋውቀው በአፉ ነበር። በገበያ መካከል ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል፤ ገዢውም ቀርቦ ያያል፣ ይዳስሳል፣ ይከራከራል፣ ወድዶ ይገዛል ወይም ትቶ ይሄዳል። ዛሬ ግን ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ የሚገበያዩበት ዘመን ስለ ሆነ፣ በጩኸቱ ፋንታ ጽሑፍ ተተክቷል። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚወጣውን የንግድ ጽሑፍ የሚመለከት ሰው ሁሉ ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ስለዚህ ነጋዴ በብዕር እንዴት ሊጠቀም እንደሚገባው ጥቂት ሐሳብ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። የውጭ አገር ታሪክ በምናነሣበት ስፍራ ሁሉ ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ማስታወቂያንና ጠቃሚ ጽሑፍን መለየት ያስፈልጋል። ማስታወቂያ «ግዙኝ» ይላል። ጠቃሚ ጽሑፍ ግን ገዢው የተቸገረበትን ነገር ያስረዳዋል፤ ገዢውም የረዳውን ሰው ስም አይረሳም። ይህ ዘዴ ትናንት የተፈለሰፈ አይደለም። በአሜሪካ የእርሻ መሣሪያ የሚሠራው የጆን ዲር ኩባንያ በ1895 «ዘ ፈሮው» ወይም «ትልም» የተባለ መጽሔት ለገበሬዎች ማሳተም ዠመረ። መጽሔቱ ገበሬው ምርቱን እንዴት እንደሚያሻሽል የሚያስተምር ስለ ነበረ እስከ ዛሬ ድረስ ይታተማል።

በፈረንሳይ አገርም የሚሸሊን የጎማ ፋብሪካ በ1900 ለአውቶሞቢል ነጂዎች የሚሆን መጽሐፍ አሳትሞ 35,000 ያህል ቅጂ በነጻ አደለ። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የነበሩት አውቶሞቢሎች ከጥቂት ሺሕ አይበልጡም ነበር። መጽሐፉ ጎማ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ቤንዚንና መካኒክ ከወዴት እንደሚገኝ፣ መንገደኛ የት እንደሚያድር ይናገራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰው መንገዱን ካወቀ ሩቅ ይሄዳል፣ ሩቅ ከሄደም ጎማው ያልቃል፣ ጎማው ካለቀም ሌላ ይገዛል። ፋብሪካው ገዢውን ጠቅሞ ራሱም ተጠቀመ።

ነገር ግን ብዕር እንደሚያለማ ሁሉ ያጠፋልም። በ2006 በአሜሪካ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በመኪና አገር ለአገር እየዞሩ፣ በዋልማርት መደብሮች ግቢ እያደሩ፣ ስለ ሠራተኞቹ ደስታ በኢንተርኔት ይጽፉ ነበር። አንባቢው ተራ መንገደኞች መስለውት ነበር። በኋላ ግን ወጪያቸው የሚከፈለው ዋልማርት ከሚደግፈው ማኅበር እንደ ሆነ ታወቀ። ሥራውን የመራው ኤደልማን የተባለው የሕዝብ ግንኙነት ድርጅትም ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በባሕር ማዶም ይሠራል ማለት ነው። ከዚህም በኋላ በ2009 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ገንዘብ ወይም ዕቃ ተቀብሎ ስለ ሸቀጥ የሚጽፍ ሰው ይህንኑ ለአንባቢው እንዲገልጽ መመሪያውን አሻሻለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሆኖም ልማዳችን ገና ብዙ ይቀረዋል። የዕቃው ሥዕል ይለጠፋል፤ ዋጋው ሲጠየቅ ግን «በውስጥ መስመር» ይባላል። ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚጠግነው የሚጽፍ ነጋዴ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል የእኛ እኩዮች የሆኑ ብዙ ወጣቶች በቲክቶክ ላይ የነጋዴን ዕቃ በማመስገን ገንዘብ ያገኛሉ። ሠርቶ ማግኘት የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈው ተከፍሎት የሚናገረውን ሰው ወዳጅ አድርጎ ማቅረብ ነው።

ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው በቡናችን ላይ ነው። መንግሥታችን በ2005 የይርጋ ጨፌ፣ የሐረርና የሲዳሞ ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት ባመለከተ ጊዜ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ብዙ ክርክር ተደርጎ በ2007 ስምምነት ተፈጸመ። ክርክሩ ስም ራሱ ሀብት መሆኑን አስተምሮናል። ዳሩ ግን ስሙን ማስጠበቅ ብቻ አይበቃም፤ የስሙን ታሪክ የሚጽፈው ማን ነው? በሲያትል ወይም በሐምቡርግ ቡና የሚጠጣ ሰው ስለ ጌዴኦ ገበሬ የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ ቡናውን ቆልቶ የሚሸጠው የውጭ ነጋዴ ከጻፈው ነው። ታሪኩን የሚናገር ሰው ከዋጋውም ድርሻ ያገኛል።

የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ወደ አገሩ የሚገባ ቡና ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተጨፍጭፎ ካልተያዘ መሬት የተገኘ መሆኑ፣ የበቀለበትም ስፍራ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ጠይቋል። አፈጻጸሙ ሲራዘም ቢቆይም፣ ሕጉ ለአገራችን ሸክም ብቻ አይደለም። ማኅበራቱና ላኪዎቹ የገበሬውን ማሳ ለሕጉ ሲሉ ከመዘገቡ ዘንድ፣ የምዝገባው ድካም አብሮ ለገበያ ሊያገለግል ይችላል። ቡናው በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደ በቀለ፣ በስንት ወር እንደ ተለቀመ፣ ታጥቦ ወይም በጀንፈሉ ደርቆ እንደ ተዘጋጀ፣ በምን ዛፍ ጥላ ሥር እንዳደገ በየጊዜው ይጻፍ። ዝናቡ የጎዳው ዓመት ቢሆንም እንኳ ሳይደበቅ ይጻፍ፤ ዘንድሮ ጉድለቱን የነገረውን ሻጭ ገዢው ለከርሞ ያምነዋልና።

እንግዲህ ለነጋዴዎቻችን የምንመክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ የሚያውቁትን ይጻፉ፤ ሁለተኛ ገዢው የሚጠቀምበትን ይጻፉ፤ ሦስተኛ ጽሑፉ የማን እንደ ሆነ ስማቸውን አይሸሽጉ። የሚዛን ስርቆት በገበያ ላይ ነውር እንደ ሆነ ሁሉ የቃል ስርቆትም ነውር መሆኑን ካወቅን፣ ብዕር ለንግዳችን ከብዙ ሬክላም የበለጠ ሊያገለግል እንደሚችል አያጠራጥርም።