ላም አለኝ በሰማይ፤ የወረዳው ኮምፒዩተር ለነጋዴው መቼ ይታለባል?

ለገጠር ወረዳዎች ኮምፒዩተርና ብሮድባንድ ኢንተርኔት ይግባ ሲባል፣ አብዛኛው የንግዱ ማኅበረሰብ ነገሩን የመንግሥት ቤት የውስጥ ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። የእህል በረንዳው ጅምላ ነጋዴ፣ የሰሊጥ ላኪው፣ በገጠር መሬት ጠይቆ ፋብሪካ ለመትከል የሚያስበው ባለሀብት ሁሉ «የወረዳው ጠረጴዛ ላይ ምን ተቀመጠ ምን አገባኝ» ይላል። ሒሳቡ በጥሞና ከታየ ግን የዚያ ጠረጴዛ ዕዳ የሚከፈለው ከነጋዴው ኪስ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ ምርቱ የሚገዛው፣ መጋዘኑ የሚሠራው፣ መሬቱ የሚለካው በወረዳ ነው። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ለዚህም ከግብር ዕዳ ነፃ መሆንን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው ያለበት መዝገብ በመሳቢያ ተቆልፎ ባለሙያው ስብሰባ ከሄደ፣ ባለጉዳዩ የአልጋና የምግብ ከፍሎ ያድራል። መኪና ካቆመም የመኪናው ወጪ ይጨመራል። ይህ ሁሉ በመጨረሻ በኩንታሉ ዋጋ ላይ ተደምሮ ሸማቹ ዘንድ ይደርሳል።

መንግሥት ነገሩን ጨርሶ አላሰበበትም ማለት አይቻልም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ «ወረዳ ኔት» የተሰኘው ፕሮጀክት ተዘርግቶ፣ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ወረዳዎች የሳተላይት መቀበያ ሳህን፣ ኮምፒዩተርና በምስል የሚነጋገሩበት መሣሪያ እንዲያገኙ ተደርጓል። በዚያን ጊዜ የስልክ መስመር እንኳ ብርቅ በሆነባቸው ወረዳዎች ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ችግሩ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። አንደኛ፣ መስመሩ በዋናነት የታሰበው የበላይ አካል መመሪያ እንዲያወርድ፣ ወረዳውም ሪፖርት እንዲያወጣ ነበር። በመስኮት ቆሞ ማስረጃ ለሚጠብቀው ባለጉዳይ የተረፈው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ሳተላይቱ ያለው 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ አንድ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ የመስመሩም ስፋት ውድ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ዕቃው በካፒታል በጀት ተገዝቶ ሲገባ ሥራ ማስኬጃው አብሮ አልመጣም። አብዛኛው በጀቱ ለደመወዝ የሚውል ወረዳ ለቀለም፣ ለጥገናና ለመጠባበቂያ ኃይል ከየት ያመጣል? መብራት ሲቆራረጥ የተቃጠለ ኮምፒዩተር አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በዚያው ዓመት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም የሚመራው ድርጅት በ2015 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ገብቶ ኢትዮ ቴሌኮም ተፎካካሪ አግኝቷል። የንግድ ፈቃድ በኢንተርኔት ማደስም ተጀምሯል። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ብዙ ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያልቅ አሳይቷል።

«እንግዲያው ሁሉም በእጁ ስልክ ይዞ ለወረዳው ኮምፒዩተር ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ስልክ ገንዘብ ይልካል፣ ዋጋ ይጠይቃል። ነገር ግን የይዞታው ልክ፣ የግብሩ ዕዳ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ምዝገባ ያለው በወረዳው መዝገብ ነው። መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ካልገባ ነጋዴው የያዘው ስልክ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን «ሲስተም የለም» ከሚለው መልስ አያድነውም።

በደላሎች ዘንድ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። ዋጋ በየወረዳው ከተለጠፈ እንጀራችን ይዘጋል ይላሉ። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለቱን ዋጋ በሰሌዳና በስልክ ሲያሰማ ተመሳሳይ ወሬ ነበር። ዋጋ በመደበቅ ብቻ የሚኖር ደላላ መጎዳቱ አይቀርም። ጥራት የሚለይ፣ ጭነት የሚያገናኝ፣ ቃሉ የሚታመን ደላላ ግን መረጃው ሥራውን ያፋጥንለታል እንጂ አያሳጣውም።

ከሌላው አገር ልምድ ከተባለ የህንድ ይጠቀሳል። ህንድ ወደ 250,000 የሚጠጉ የመንደር ምክር ቤቶችን በፋይበር ኦፕቲክ ለማገናኘት በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወስናለች። ሥራው ከታቀደለት ጊዜ በብዙ ዘግይቷል፤ ገመዱ ደርሶ አገልግሎት ያልሰጠባቸው ቦታዎችም ወቀሳ አስነስተዋል። በአንጻሩ ቀደም ብለው በተቋቋሙት የአገልግሎት ማዕከላት የመንደሩ ሰው ራሱ ኮምፒዩተር ገዝቶ፣ በተወሰነ ክፍያ ማስረጃ እያወጣና ቅጽ እየሞላ ይተዳደራል። ለሚያተርፍበት ዕቃ ባለቤቱ ይጨነቅለታል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገር እንላለን። በመጀመሪያ፣ ለአንድ ወረዳ ኮምፒዩተር ሲሰጥ የጥቂት ዓመታት የጥገና፣ የመስመርና የኃይል ወጪው አብሮ ይመደብ፤ ካልተመደበ ዕቃው ባይገዛ ይሻላል። ቀጥሎ፣ ጥገናው በአካባቢው ላሉ የግል ባለሙያዎች በጨረታ ይሰጥ፤ አንድ ማተሚያ ለማሠራት ወደ ክልል ከተማ መላክ ይቅር። በመጨረሻም፣ የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ሳይሆን ወደ ንግድ፣ ገቢዎችና መሬት መስኮቶች ይግባ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ የንግድ ምክር ቤቶች ዝም ሊሉ አይገባም። ዛሬ ለአልጋ፣ ለመኪናና ለ«ጉዳይ አስፈጻሚ» የሚከፍለው ነጋዴ፣ ጉዳዩ በአንድ ቀን የሚያልቅለት ከሆነ ደረሰኝ ያለው የአገልግሎት ክፍያ ለመክፈል አያመነታም። ወረዳውም ከዚያ ገቢ መሣሪያውን ያድስበታል። የሚመለከታቸው ክፍሎች ቀጣዩን የኮምፒዩተር ግዥ ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ቀድሞ የተሰጡት ስንቶቹ እንደሚሠሩ ቆጥረው ለሕዝብ ቢያሳውቁ፣ ሥራው ከትክክለኛው ቦታ ተጀመረ ማለት ነው።