የስልክ ድምፅ ሲቆራረጥ ደወሉ ለምን አይጮኽም?

በገጠር የሚኖረው አምራች ኅብረተሰብ የዕለት ሥራውን ከስልክ ጋር እያስተሳሰረ መምጣቱ ይታወቃል። የእህል ዋጋ የሚጠየቀው፣ ለወላድ አምቡላንስ የሚጠራው፣ የከብት በሽታ ሲገባ ለወረዳው ባለሙያ የሚነገረው በስልክ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 የግብርና መረጃ መስመርም ምክሩን እንዲያደርስ የተዘጋጀው በተቀዳ ድምፅ ነው። እንግዲህ ነጋዴው «ሠላሳ» ያለውን መስመሩ ቆራርጦ «ስልሳ» አስመስሎ ቢያሰማ፣ በኪሎ የ30 ብር፣ በ10 ኩንታል የ30 ሺህ ብር ስሕተት ነው።

የቴሌኮም ድርጅቶች ኔትወርካቸውን ከማዕከል ሆነው ይከታተላሉ። የማማው ኃይል ሲቋረጥ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ሲያልቅ ወይም ፋይበር ሲቆረጥ ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸዋል። አስቸጋሪው ማማው ቆሞ፣ የኔትወርክ ምልክቱ ሞልቶ እየታየ፣ ንግግሩ ብቻ ሲበላሽ ነው። ይህን ጉድለት ደወሉ የሚያውቀው የድምፁን ጥራት ለይቶ እንዲከታተል ሲደረግ ነው።

መለኪያው አለ። በ2ጂ ኔትወርክ ስልኩ በንግግር ላይ ሳለ የሚቀበለውን ምልክት ጥራት በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ ከ0 እስከ 7 ባለው ደረጃ ለጣቢያው ያስታውቃል፤ 0 ንጹሕ፣ 7 እጅግ የተበላሸ ማለት ነው። የድምፅ መዘግየትን በሚመለከትም ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከተናጋሪው እስከ አድማጩ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በታች ቢሆን መልካም መሆኑን፣ ከ400 ማለፍ ግን እንደሌለበት ይመክራል።

ዋናው ጉዳይ ደወሉ በየትኛው ቁጥር ላይ ይጩህ የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ከተማ ከተደረጉ 10,000 ጥሪዎች 100፣ በአንድ የገጠር ጣቢያ ደግሞ ከ100 ጥሪዎች 40 ተበላሹ እንበል። ሁለቱ ተደምረው ሲሰሉ ብልሽቱ ከመቶ 1.4 አይሞላም። ደወሉ ከመቶ 2 ሲያልፍ እንዲጮኽ ተደርጎ ከሆነ ዝም ይላል፤ የገጠሩ 40 ጥሪ በከተማው ብዛት ተውጦ ቀረ ማለት ነው። በየጣቢያው ተለይቶ ቢሰላ ግን ከመቶ 40 ሆኖ ወዲያው ይታይ ነበር።

መለየቱም የራሱ ጣጣ አለው። ሌሊት ከተደረጉ 3 ጥሪዎች አንዱ ቢበላሽ ከመቶ 33 ይሆናል፤ በዚህ ሁሉ የሚጮኽ ደወል ደግሞ ሠራተኛውን አሰልችቶ መናቁ አይቀርም። ስለዚህ ቢያንስ ይህን ያህል ጥሪ፣ ቢያንስ ይህን ያህል ደቂቃ የሚል ገደብ ያስፈልጋል። ገደቡ ከከተማ ጣቢያ ተቀድቶ ለገጠር ከተሰጠ ግን፣ የገጠሩ ጥሪ ጥቂት በመሆኑ ደወሉ ጨርሶ ላይጮኽ ይችላል።

ከዚህም ሌላ አልሰማ ያለው ደዋይ ተሰላችቶ ራሱ ሲዘጋ፣ ጥሪው በመዝገብ የሚሰፍረው በሰላም እንደተጠናቀቀ ሆኖ ነው። «የተቋረጠ ጥሪ አነስተኛ ነው» የሚል ሪፖርት ብቻውን የማያሳምነን ለዚህ ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደዚያው ቁጥር የተደጋገመን ጥሪ መቁጠር የተሻለ ምልክት ይሰጣል።

በዚህ በኩል የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ድርሻ ቀላል አይደለም። «ኔትወርክ የለም» የሚል አቤቱታ ከማማ መቋረጥ ጋር ስለሚደባለቅ ብዙ አይረዳም። ቀኑና ሰዓቱ፣ ጎጡ፣ ባለቤቱ ሲፈቅድም የስልክ ቁጥሩ፣ ጉድለቱ መቆራረጥ ይሁን መዘግየት ወይም አንዱ ወገን ብቻ መስማቱ ተለይቶ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ይመዝገብ። ችግሩ በአንድ ጎጥ ብቻ ከሆነ ሽፋኑን፣ ማታ ማታ ብቻ ከሆነ መጨናነቁን፣ በሁሉም ጎጥና በሁሉም ሰዓት ከሆነ ማማውን ከማዕከል የሚያገናኘውን መስመር መጠርጠር ይቻላል።

አቤቱታው በቅድሚያ ለድርጅቱ ይቀርባል፤ መልስ ከታጣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። በማመልከቻው ላይም የድምፅ ጥራት ማስጠንቀቂያው ለዚያ ጣቢያ ተለይቶ ተዘጋጅቶ እንደሆነ፣ በስንት ጥሪና በስንት ደቂቃ እንደሚጮኽ በጽሑፍ እንዲገለጽ መጠየቅ ተገቢ ነው።