ሦስት ሶፋ ካለው ሱቅ ግዙ

ዛሬ እሁድ ነው፣ ዋጋ የለም። ስለ ሶፋ ነው የማወራው። አትሳቁ፣ ከኛ ሥራ ብዙ አይርቅም።

ቃሊቲ መንገድ ዳር ያሉትን ትናንሽ የፈርኒቸር ሾውሩሞች ከመጋዘን ስትወጡ በየቀኑ ታልፏቸዋላችሁ። አንድ ክፍል፣ ሦስት ሶፋ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ በቃ። ባለቤቴ «ምርጫ የላቸውም፣ መርካቶ እንሂድ» አለችኝ። ብዙ ሰው እንደሷ ነው የሚያስበው። እኔ ግን ምርጫ ማነሱን ነው የወደድኩት፣ ያውም ከስሬ ተምሬ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሰፊ አዳራሽ ካለው ቤት ገዝተን ነበር። ስሙ ይቅር። የወደድነው ሶፋ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ሻጩ ስልኩን አውጥቶ በፎቶ ነው ያሳየን። ቀብድ ከፈልን። የመጣው ሶፋ ከፎቶው ጋር የሚመሳሰለው በቀለሙ ብቻ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላው መሃሉ ጎደጎደ። ጨርቁን ስንገልጠው ስፖንጁ ቁርጥራጭ እየተጣበቀ የተሠራ ነው። ሻጩን ብጠይቀው «እኔም ከሠሪ ነው የማመጣው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ውስጡን እሱም አያውቀውም።

ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ ዕቃውን ሳናይ በደረጃ መግዛት ለመድን። የሚያስኬደው ግን መሃል ላይ መርማሪ ስላለ ነው፤ ናሙና ወስዶ ጥሬውን ያያል፣ ቆልቶ ይቀምሳል። የውጭ ገዢም ሳይጫን በፊት ናሙና ላኩልኝ ይላል። ሶፋ ግን ቀማሽ የለውም። ደረጃ ያልወጣለት ዕቃ በዓይንና በእጅ ካልሆነ እንዴት ይገዛል? እነዚያ ሦስት ሶፋዎች እንግዲህ ናሙና ናቸው።

የቃሊቲው ባለሱቅ ሃምሳ የሚሆነው አናጺ ነው። «ጋሼ፣ ልገልብጠው?» አልኩት። «ገልብጠው ወንድሜ፣ የሠራሁት እኔው ነኝ» አለ። እንጨቱን አየሁ፣ ስፖንጁን ተጫንኩት። 85 ሺህ ብሎ 80 ሺህ ላይ ተስማማን። ደረሰኙ ላይ «እዚህ በቆመው ዓይነት» ብሎ እንዲጽፍልኝ፣ የእንጨቱንና የስፖንጁን ዓይነት፣ የማስረከቢያውንም ቀን እንዲጨምር ጠየቅሁት። ትንሽ አጉረመረመ፣ ግን ጻፈ።

ደረሰኙ ከሥሩ «ቀብድ አይመለስም» ይላል። የሕጉ ግማሽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ሁለተኛውን ደረሰኝ ላይ ያተመ ባለሱቅ እስካሁን አላየሁም።

ትንሽ ሱቅ ጣጣ የለውም አልልም። ካፒታሉ ቀጭን ነው፤ በናንተ ቀብድ የሌላውን ሶፋ ሊጨርስ ይችላል። ሦስት ሳምንት ተብዬ አምስት ፈጀብኝ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ጨርቅና ኤምዲኤፍ ዋጋው ስለማይያዝ፣ ዛሬ የነገሯችሁ ዋጋ ሳምንት ላይቆይ ይችላል። ስለዚህ ዋጋውን በጽሑፍ አሳስሩ፣ ቀብዱንም ከሲሶ አታሳልፉ። እኔ ግማሽ ሰጥቼ ነው ሁለት ሳምንት የተለማመጥኩት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ያን ሶፋ ስገለብጥ ትዝ ያለኝ የራሴ ሥራ ነው። አምና ለአንድ ላኪ የዩኒየን ቦሎቄ ሳገናኝ ናሙናውን የወሰድኩት ከጆንያው አፍ ነበር። ቸኩዬ ነው፤ ደግሞም ያምር ነበር። ጭነቱ መጋዘን ሲራገፍ ከሥር ያለው እርጥበት ይዞታል። መኪናው ተመለሰ፣ የደርሶ መልሱን ኪራይ የከፈለው ዩኒየኑ ነው፣ ማለትም ገበሬው። ኮሚሽኔን መለስኩ። ላኪው ግን ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ታዲያ እኔ ከባለ ፎቶው ሻጭ በምን እሻላለሁ?

ዘንድሮ ከየጆንያው ከአፍ፣ ከመሃል፣ ከሥር ወግቼ ነው የማወጣው። ናሙናውን ለሁለት ከፍዬ እናሽገዋለን፤ አንዱ ገዢው ጋ፣ አንዱ ዩኒየኑ ጋ ይቀመጣል። ጊዜ ይፈጃል። «ደላላው በዛበት» የሚሉኝ አሉ፣ ይበሉ።

ሶፋው ትናንት ማታ ገባ። ባለቤቴ «ተቀመጥበት እንጂ!» እያለች እኔ መጀመሪያ ገለበጥኩት። ዋንዛ ነው።

የሰኞ ዋጋ ጠዋት ይለጠፋል።