ገብሱ፥ ተልባውና የሐኪም ኪኒን

ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ ከሻይ ጋራ የሚወራ ነው። ይኸውም በደም ውስጥ ስለሚበዛው ስብ፥ ኮሌስትሮል ስለሚባለው፥ እርሱንም ያወርዳሉ ስለሚባሉት ዕፀዋት ነው። አንዱ ሽፈራው ይላል፤ ሁለተኛው ነጭ ሽንኩርት በሎሚ፤ ሦስተኛው ጥቁር አዝሙድ። ሁሉም የዳነ ሰው ያውቃሉ። ያ ሰው ሳይጠጣ በፊትና ከጠጣ በኋላ የደሙ ልክ ስንት እንደ ነበር የሚነግረን ግን እስከ ዛሬ አላገኘንም።

እኛ በዕፀዋት ከሚያፌዙት ወገን አይደለንም፤ ኮሶ ሲጠጡ የኖሩ አባቶች ልጆች ነንና። ነገር ግን ኮሶ እንኳ ከልኩ ካለፈ እንደሚጎዳ እናቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ግን ልክ የለውም።

ልክ ያለው ነገር ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ገብስ በውስጡ ቤታ ግሉካን የሚባል ዝልግልግ ነገር አለው። ይህ ነገር ከአንጀት ሲደርስ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። ለዚህ ሥራ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን እንደሚያስፈልግ ተመርምሮ ታውቋል፤ ይህም ከ60 እስከ 70 ግራም ከሚሆን የገብስ ዱቄት ሊገኝ ይችላል። በየቀኑ ሲበላ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከመቶ 5 እጅ ያህል ይቀንሳል። ተልባም ተፈጭቶ ሲወሰድ እንዲሁ ጥቂት ያግዛል። (ገብስ ገብስ ነው ብሎ በጠላ የሚጽናና ጓደኛ አለን፤ ብቅሉ ሲበቅል ያ ዝልግልግ ነገር እንደሚፈርስ ነግረነው ተቀይሞናል። ገንፎ መሐል ስለሚፈሰው ቅቤማ ባንናገር ይሻላል።)

የቀረውስ? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት የነጭ ሽንኩርት፥ የእርድና የቀረፋ እንክብሎችን፥ ሌሎችንም ጨምሮ፥ ከአንድ አነስተኛ የስታቲን ኪኒን ጋራ ለ28 ቀን አስተያየ። ኪኒኑ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከመቶ 38 እጅ ያህል ሲቀንስ፥ ከእንክብሎቹ አንዱም መድኀኒት ከሌለበት ማስመሰያ ኪኒን የተሻለ አልሠራም። ሽፈራውን የኮንሶ ሰው እንደ ጎመን ቀቅሎ ይበላዋል፤ የተመሰገነ ምግብ ነው። በዚህ በሽታ በኩል ግን በሰው ላይ የተደረገው ምርመራ ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የምናከብራቸው የመሥሪያ ቤት አለቃ ሐኪም ያዘዘላቸውን ኪኒን ትተው አረንጓዴ ዱቄት መጠጣት ጀመሩ። ደህና ነበሩ፤ ወይም ደህና የሆኑ መሰላቸው፤ የደም ስብ ሲበዛ አያምም፥ አያሳክክምና። ከወራት በኋላ ደረታቸውን ይዘው ሆስፒታል ገቡ። ለሐኪሙ ለምን አልነገሩትም ብንላቸው፥ «ይስቅብኛል ብዬ ነው» አሉን።

እንግዲህ ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ ብቻ ልንጥለው አንችልም። በሽተኛው እቤቱ ምን እንደሚጠጣ ሳይጠይቅ ወረቀት ጽፎ የሚሸኝ ሐኪም፥ ዱቄቱን ከሸጠው ነጋዴ ጋራ ጥፋቱን ይካፈላል። የተማርነውም እንካፈላለን። የስታቲን መነሻ እኮ ሻጋታ ነው፤ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ከ6 ሺህ የሚበልጡ የሻጋታ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ሲመረምር ቆይቶ ነው በ1973 ያገኘው። ከእኛም ወገን ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፥ አይተው ብቻ አልቀሩም፤ ለኩት፤ መረመሩት። ሽፈራውንና አብሹን እንዲሁ የሚለካ ተማሪ ከየዩኒቨርሲቲው እንጠብቃለን።

እስከዚያው አንባቢዎቻችን በዚህ ሳምንት አባታቸውን፥ እናታቸውን ምን እንደሚጠጡ በአክብሮት ይጠይቁ፤ የተነገራቸውንም በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩላቸው። አለቃችን ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ጠዋት የገብስ ገንፎ በተልባ ይበላሉ፤ ማታ ኪኒናቸውን ይውጣሉ፤ ዱቄቱንም ለማንም አልሰጡት፥ ጣሉት።