ሲጠጣ አብረነው ነበርን፤ ሲያቆምስ?

ሞያሌ ላይ ዕቃው ጉምሩክ አልፎ መኪናው ሲነሳ፣ ከመካከላችን አንዱ «በሉ አንድ አንድ እንበል» ይላል። ናይሮቢ ኢስሊ ላይ ሒሳብ ሲዘጋም እንደዚሁ ነው። ዕቃው ሲሸጥ ለደስታ፣ ሳይሸጥ ሲቀር ለብስጭት እንጠጣለን። ብዙዎቻችን ሁለት ጠጥተን ወደ አልጋችን እንሄዳለን። አንዳንዶቻችን ግን ከወንበሩ መነሳት ያቅተናል። እነማን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ የምናወራው ግን በሌሉበት ነው።

አንድ ወንድማችን የሦስት ሰው ዕቃና ገንዘብ ተረክቦ መንገድ ላይ አራት ቀን ጠፋ። ዕቃው ተገኘ፣ ገንዘቡ ግን አልቆ ነበር። ተሰብስበን «ከእንግዲህ አደራ አይሰጠው» ብለን ወሰንን። ባለቤቱ ደውላ፣ «ገንዘቡን እኔ ቀስ ብዬ እከፍላለሁ። ሲጠጣ ግን አብራችሁት ነበራችሁ፤ አሁን የት ናችሁ?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ምክርማ ሰጥተነዋል። ቤተሰቡም፣ የሃይማኖት አባቶችም መክረውታል። ያጣው ምክር ሳይሆን እንደ እሱ የተቸገሩና ያቆሙ ሰዎች መሀል የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እኛ በየከተማው መጋዘን የሚያከራየውንም፣ ታማኝ ሾፌሩንም እናውቃለን። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ የት እንዳለ ግን አናውቅም። ማወቅ አለብን፤ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው።

ነገሩ ለመንገደኛ ሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ሰው ለሥራ ወደ አክሮን ከተማ ሄደ። ሥራው ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ነበር፤ ሆቴሉ ውስጥ የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ እየሰማ ብቻውን ቆመ። ወደዚያ ከመግባት ይልቅ ስልክ አንስቶ፣ እንደ እሱ በመጠጥ የሚቸገር ሰው የሚያገናኘው ፈለገ። ቦብ ስሚዝ ከተባለ ሐኪም ጋር ተገናኙ። ሁለቱ የጀመሩት ኅብረት ዛሬ አልኮሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ. የሚባለው ነው።

የኤ.ኤ. ስብሰባ በናይሮቢም በአዲስ አበባም ይካሄዳል። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። የአባልነት ክፍያ የለም። ሙሉ ስም አይጠየቅም፤ እዚያ የታየ ሰውና የተሰማ ነገር እዚያው ይቀራል። መናገር የማይፈልግ አዳምጦ ይወጣል። ለማንም ክፍት የሆኑ ስብሰባዎች ስላሉ ወዳጅ ወይም ዘመድ አብሮ መግባት ይችላል። ለቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን የሚባል የራሱ ኅብረት አለ። ኬንያ ያላችሁ ናካዳ በተባለው የመንግሥት ተቋም ነፃ መስመር፣ 1192፣ ደውላችሁ እርዳታ መጠየቅ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ለሞትም ያደርሳል። ስለዚህ በር ቆልፎ ማስተኛት መፍትሔ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

«ጸበል አለ፣ ዱዓ አለ፤ ይህ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል። ሰውየው ግን ከጸበል ወጥቶ ሞያሌ አልጋ ቤት ሲያድር፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የሚደውልለት ሰው ያስፈልገዋል። «ሰው ያየኛል» የሚልም አለ። ጠጥቶ ሲወድቅ ያየው ሰው ይበልጣል። ይህ ፍርሃት በእህቶቻችን ላይ ይብሳል፤ ሴት ነጋዴ ጠጣች ከተባለ ስሟ ስለሚጠፋ፣ ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን ትጠጣለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ባለንበት ከተማ ስብሰባ ከሌለስ? ወይም ቋንቋው ከከበደን? ለመጠጥ ማቆም ሲሉ የተገናኙ ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸው አንድ ቡድን መሆን ይችላሉ። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ወንበሮች፣ አንድ ጀበና ቡና ይበቃል። ክፍሉን ከሱቃችን ጀርባ በሳምንት ለአንድ ሰዓት መስጠት የሚያቅተን አይደለንም። ቋንቋውም የራሳችን ይሆናል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር እንተው። አንደኛ፣ «አልጠጣም» ያለውን ሰው «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ብሎ መለመን ይቅር። ፍቅር መስሎን ስንቱን መልሰን ጥለናል። ሒሳብ በሻይም ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ያቆመውን ሰው ለዘላለም አናግልለው። ገንዘብ ወዲያው አናስይዘው ይሆናል፤ ዕቃ ማስጫንና ቆጥሮ ማስረከብ ግን ይችላል። ሥራ የሌለው ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው መጠጥ ቤት ነው።

ለዚያች እህታችን ገንዘቡን እንድትከፍል መፍቀድ ቀላል ነበር። የጠየቀችን ግን ሌላ ነው። ባሏን ወደ ስብሰባው በር የሚያደርሰውና እስኪወጣ ውጭ የሚጠብቀው አንድ ሰው ከመካከላችን ይነሳ።